አሞኒያን ከሐይቅና ከወንዝ ውሃ መለካት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የውሃ ናሙና በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው የሚመጡ ተማሪዎች አሉ። ዓሣ የሚያረቡ ሰዎችም ይመጣሉ። አንዳንዴ ደግሞ ጉድጓድ ያስቆፈረ ጎረቤት ብቅ ይላል። የሚጠይቁኝ ግን ከሞላ ጎደል ያው ነው። እየደጋገምኩ ከማወራው አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው። ምሳሌዎቼ በብዛት ከጣና፣ ከአቃቂ፣ ከቢሾፍቱና ከስምጥ ሸለቆ ናቸው።

በውሃ ውስጥ የሟሙ ንጥረ ምግቦች የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?

አልጌንና የውሃ ላይ አረምን የሚመግቡት ናቸው፦ አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬትና ፎስፌት። ሲሊካም አብሮ ይለካል፣ ዲያቶም የሚባሉት አልጌዎች ቅርፊታቸውን የሚሠሩት በእሱ ነውና። ማሳ ላይ ስናያቸው ማዳበሪያ እንላቸዋለን፤ ሐይቅ ውስጥ ሲበዙ ብክለት።

በዓይን አይለዩም። ጥርት ያለ የጉድጓድ ውሃ ናይትሬት የሞላበት ሊሆን ይችላል። በክረምት ማኪያቶ መስሎ ወደ ጣና የሚወርደው የጉማራ ወንዝ ደግሞ ፎስፈረሱን በአብዛኛው ከጭቃው ጋር አጣብቆ ይሆናል የሚያመጣው። «ውሃው ደፍርሷል» እና «ውሃው ማዳበሪያ በዝቶበታል» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አሞኒያው ከየት ይመጣል?

ከሽንት፣ ከፍግ፣ ከመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ ከሚበሰብስ ነገር ሁሉ። ዓሣ ራሱ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል። ዩሪያ ማዳበሪያ ደግሞ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ እርጥብ አፈር ሲያገኝ በቀናት ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጣል።

ኦክስጅን ባለበት ውሃ አሞኒያ ብዙ አይቆይም። ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። ስለዚህ ወንዝ ውስጥ ከፍ ያለ አሞኒያ ካገኛችሁ ወይ ፍሳሹ እዚያው ቅርብ ነው የሚገባው፣ ወይ ውሃው ኦክስጅን አጥሮታል። አዲስ አበባን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ግድብ የሚገቡትን ትንሹንና ትልቁን አቃቂ በዚህ ዓይን ማየት ጥሩ ነው። አሞኒያ ትኩስ ወሬ ነው፤ ናይትሬት ሲገኝ ግን ነገሩ ሰንብቷል ማለት ነው።

አሞኒያና አሞኒየም አንድ ናቸው? ዓሣ የሚገድለውስ የቱ ነው?

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ውሃ ውስጥ ሁለቱም አብረው አሉ። አንዱ ሌላውን ይሆናል፣ መልሶም እንዲሁ። አሞኒየም፣ ማለትም አንድ ሃይድሮጂን የተጨመረበት አሞኒያ፣ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስላለው የዓሣውን ስንጥብ እንደልቡ አያልፍም። አሞኒያው ግን ቻርጅ የሌለው ጋዝ ነው፣ ሰተት ብሎ ይገባል። መርዙ እሱ ነው። የትኛው ስንት እንደሚሆን የሚወስኑት በዋናነት ፒኤች (ውሃው ምን ያህል አሲዳማ ወይም ሶዳማ እንደሆነ የሚለካበት ቁጥር) እና ሙቀት ናቸው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ፒኤች 7 ላይ ከጠቅላላው ውስጥ መርዛማው ግማሽ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ፒኤች 8 ላይ 5 በመቶ ይሆናል። 9 ላይ 36 በመቶ። 10 ላይ 85 በመቶ ገደማ።

ቁጥሩን በተግባር እንየው። ላብ (ላቦራቶሪው) «በሊትር 1 ሚሊግራም አሞኒያ» ብሎ ሰጣችሁ እንበል። ላቡ ብዙውን ጊዜ የሚለካው ድምሩን ነው። ውሃችሁ ፒኤች 8 ከሆነ መርዛማው 0.05 ሚሊግራም ነው፤ 9 ከሆነ 0.36። ከላብ የመጣው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ያው አንድ ነው፣ የዓሣው ዕጣ ግን ሰባት እጥፍ ተለያየ።

ጉዱ ደግሞ ይህ ለውጥ በአንድ ቀን ውስጥ ሊሆን መቻሉ ነው። አልጌ የበዛበት ኩሬ ቀን ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እየበላ ፒኤቹን ይሰቅለዋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት 8 የነበረው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ 9 ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ፒኤችና ሙቀት እዚያው ውሃው ዳር ካልተለኩ የአሞኒያው ውጤት ግማሽ መረጃ ነው። ላብ ወስዶ መለካት አይሠራም፤ ጠርሙሱ ውስጥ ሲቆይ ፒኤቹ ይቀየራል።

ሁለት ላብ ሰጥቼ ውጤቱ አልገጠመም። የቱ ነው የተሳሳተው?

ምናልባት አንዳቸውም አልተሳሳቱም። መጀመሪያ «እንደ ምን?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ ላብ ናይትሮጅኑን ብቻ ቆጥሮ ይጽፋል፣ ሌላው ሙሉ ሞለኪሉን። 1 ሚሊግራም ናይትሮጅን በአሞኒየም ሲገለጽ 1.29 ሚሊግራም ነው። በናይትሬት ከሆነ ልዩነቱ ይብሳል፤ 1 ሚሊግራም ናይትሮጅን ማለት 4.43 ሚሊግራም ናይትሬት ነው። ፎስፈረስም ወደ ፎስፌት ሲዞር በ3.07 ይባዛል። የባሕርና የሐይቅ ተመራማሪዎች ደግሞ በማይክሮሞል፣ ማለትም በአቶም ቁጥር መለኪያ፣ ይጽፋሉ፤ እዚያ አንድ ማይክሮሞል ናይትሮጅን 14 ማይክሮግራም ነው፣ ፎስፈረስ 31።

በዚህ ምክንያት «ውሃችን ከደረጃ በላይ ተበከለ» ተብሎ ሰው ሲደናገጥ አይቻለሁ። መለኪያው ብቻ ነበር የተለያየው።

ናሙናውን እንዴት ልውሰድ?

ረጋ ብላችሁ አንብቡት፣ ስህተቱ የሚሠራው በብዛት እዚህ ነው። ማሽኑ የሰጡትን ነው የሚለካው።

ጠርሙሱ ፕላስቲክ ይሁን። ለሲሊካ ብርጭቆ ጭራሽ አይሆንም፣ ብርጭቆ ራሱ ሲሊካ ነው። በዱቄት ሳሙና አትጠቡት፣ ፎስፌት ሊኖርበት ይችላል። 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ አሳድሩትና ዲአዮናይዝድ (ጨውና ማዕድኑ የወጣለት) ውሃ እያፈሰሳችሁ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። የሃይላንድ ላስቲክ አጥቦ መምጣት ለጠላ ይሆናል፣ ለፎስፌት ግን አይሆንም።

ውሃው ዳር ስትደርሱ ከብት የሚጠጣበትንና ልብስ የሚታጠብበትን ቦታ ራቁ፣ ጥናቱ ስለዚያ ካልሆነ በቀር። ወንዝ ከሆነ ከታች ወደ ላይ ፊታችሁን አዙራችሁ ቁሙ፤ እግራችሁ ያነሳው ጭቃ ከኋላችሁ ይሂድ። ጀልባ ላይ ከሆናችሁ ከሞተሩ በተቃራኒ በኩል ቅዱ። ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁት። ከዚያ ክንድ ያህል ጠለቅ አድርጋችሁ ሙሉ፤ ላይ ላዩን የሚንሳፈፈው ነገር አይግባ።

ጓንት አድርጉ። ላብ ውስጥ አሞኒያ አለ፤ የሰውነት ላብ ማለቴ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ናሙናውን ባይነካ ይመረጣል፣ ጭሱም ጣቱም አሞኒያ አለበት። ይህን ስነግራቸው የሚስቁ አሉ። ስቃቸው የሚቆመው ውጤቱን ሲያዩ ነው።

ቀጥሎ ማጣራት። እዚያው ዳር ላይ በሲሪንጅና በ0.45 ማይክሮን ፊልተር አጣሩ። ካልተጣራ አልጌውና ባክቴሪያው ጠርሙሱ ውስጥ ሆነው መብላትና ማስወጣት ይቀጥላሉ፣ የምትለኩት ሐይቁን መሆኑ ይቀርና ጠርሙሱን ይሆናል። አንዳንድ ፊልተር ከፋብሪካው አሞኒየም ይዞ ስለሚመጣ መጀመሪያ የወረደውን ድፉት። በክረምት የርብና የጉማራ አፍ ላይ ፊልተሩ ቶሎ ይደፈናል። በጉልበት አትግፉት፣ ይቀደዳል። ብዙ ፊልተር ይዛችሁ ሂዱ።

ከዚያ በረዶ ያለበት አይስ ቦክስ ውስጥ፣ ብርሃን ሳያገኘው። አሞኒያ በዚያው ቀን ቢለካ ነው ደስ የሚለው። ካልተቻለ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ማቀዝቀዝ። ጠርሙሱን ግን እስከ አፉ አትሙሉት፣ ውሃ በረዶ ሲሆን ይነፋል። ለሲሊካ የሚሆነውን ግን ለይታችሁ በረዶ እንዲሆን አታድርጉት፤ ሲረጋ ሞለኪሎቹ እርስ በርስ ይያያዙና ቁጥሩ ዝቅ ይላል።

ላብ ውስጥ በምንድን ነው የሚለካው?

በብዛት በቀለም። ፈረንሳዊው ማርሴላን በርትሎ እ.ኤ.አ. በ1859 ያገኘው ነገር ነው እስካሁን የሚሠራው። አሞኒያ ያለበት ውሃ ላይ ፌኖልና ሃይፖክሎራይት ሲጨመር ሰማያዊ ቀለም ይወጣል፣ ኢንዶፌኖል ይባላል። ሃይፖክሎራይት ማለት ሌላ ሳይሆን በየሱቁ ያለው በረኪና ውስጥ ያለው ነው። ኒትሮፕሩሳይድ የሚባል ቀይ ጨው ነገሩን ያፋጥነዋል። ሲትሬት ደግሞ ካልሲየምና ማግኒዚየሙ ነጭ ሆነው እንዳይዘቅጡ ይይዛቸዋል። ጨለማ ውስጥ አንድ ሰዓት ገደማ ትተዉትና ስፔክትሮፎቶሜትር (ቀለሙ የሚውጠውን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ላይ 640 ናኖሜትር አካባቢ ታነቡታላችሁ።

ሦስት ነገር ልጨምር። ፌኖል ቆዳ ያቃጥላል፣ መርዝም ነው፤ ብዙ ላቦች በሳሊሲሌት ተክተውታል። ሁለተኛ፣ በረኪና ሲቆይ ክሎሪኑ ይሞታል፤ ስታንዳርዳችሁ (መጠኑ የሚታወቀው ማነጻጸሪያ ውሃ) ከወር ወር እየፈዘዘ ከሄደ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። ሦስተኛው የቤት ጉዳይ ነው። ያ ሰማያዊ ቀለም ከመውጣቱ በፊት በረኪናና አሞኒያ ተገናኝተው ክሎራሚን ይሠራሉ። ቱቦ ውስጥ ሲሆን ሳይንስ ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ በረኪናን አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ስትቀላቅሉ ግን ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ነው።

ስታንዳርዱን ለመሥራት የደረቀ አሞኒየም ክሎራይድ 3.819 ግራም በ1 ሊትር ውሃ ይሟሟል። በሊትር 1000 ሚሊግራም ናይትሮጅን ይሰጣል፤ ከእሱ እያቀጠኑ መሄድ ነው።

በላባችን የኔስለር ሪኤጀንት (ቀለም የሚያወጣ ኬሚካል) አለ። እሱን ብጠቀምስ?

ይሠራል፣ ቢጫ ቀለም ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ ያለ ዘዴ ነው። ችግሩ ውስጡ ሜርኩሪ መኖሩ ነው፣ አባቶች ባዜቃ የሚሉት። የውሃ ብክለት ለክታችሁ ስትጨርሱ ሜርኩሪ ገንዳ ውስጥ መድፋት ያሳፍራል። ጥቂት አሞኒያ ላይም እንደ ኢንዶፌኖል ስል አይደለም። እኔ ብሆን እተወዋለሁ።

ብላንኬ ሰማያዊ ሆነ። ምን አጠፋሁ?

እንኳን ደረሳችሁ፣ አሁን በእውነት አሞኒያ መለካት ጀምራችኋል።

ብላንክ ማለት ናሙና የሌለበት፣ ንጹህ ውሃና ሪኤጀንት ብቻ ያለበት ቱቦ ነው። ፈዛዛ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ፣ ቤቱን አልጠራም፣ የእኔ ብላንክ ከሐይቁ ናሙና በልጦ ሰማያዊ ሆነብኝ። ውሃውን ቀየርኩ። ሪኤጀንቱን እንደ አዲስ ሠራሁ። ቱቦዎቹን በአሲድ አጠብኩ። ያው ነው። ከሰዓት በኋላ ስሠራ ደህና ይሆናል፣ ጠዋት ስሠራ ይሰማያል። በሦስተኛው ቀን በጠዋት ገብቼ የጽዳት ሠራተኛዋን አገኘኋት። ወለሉን ስትወለውል ባልዲው ውስጥ ያለው ማጽጃ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ቱቦዎቼ ደግሞ አፋቸውን ከፍተው መስኮቱ ሥር ተደርድረዋል። እሷ ሥራዋን ነበር የምትሠራው። ጥፋቱ ክዳን ያልከደንኩት የእኔ ነው።

ስለዚህ ቱቦ ይከደን። አሞኒያ ያለበት ጠርሙስ እዚያው ክፍል አይከፈት። መጸዳጃ ቤቱ ጎን ያለውን ጠረጴዛ ለሌላ ሥራ ተዉት። ዲአዮናይዝድ ውሃም ጀሪካን ውስጥ ከርሞ ከሆነ ከአየር ስቦ ይሆናል፣ አዲስ ቅዱ። ናሙና በአሲድ የሚያቆዩ ሰዎችም ልብ ይበሉ፤ ክፍት የሆነ አሲዳማ ውሃ የክፍሉን አሞኒያ ይሰበስባል።

ናይትሬትና ፎስፌትስ?

ናይትሬት በቀጥታ ቀለም አይሰጥም። የካድሚየም ቅንጣት በተሞላ ቀጭን ቱቦ ውስጥ አልፎ ወደ ናይትራይት ይቀየራል፣ ከዚያ ደማቅ ሮዝ ቀለም ይወጣል፣ 540 ናኖሜትር ላይ ይነበባል። ካድሚየም መርዝ ስለሆነ አሁን ብዙዎች በቫናዲየም ክሎራይድ እየተኩት ነው። የሮዙ ቀለም መሠረት የሆነውን ኬሚስትሪ ያገኘው ፔተር ግሪስ ጀርመናዊ ነበር፣ እንግሊዝ አገር ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረ። ይህን ሁሌ መናገር ደስ ይለኛል።

የምታነቡት ግን የናይትሬትና የናይትራይት ድምር ነው። ናይትራይቱን ካድሚየም ሳያልፍ ለብቻው ለክታችሁ ቀንሱ።

ፎስፌት በሞሊብዲነም ይሰማያል፤ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በመርፊና ራይሊ ዘዴ፣ በአስኮርቢክ አሲድ፣ ማለትም በቫይታሚን ሲ። 880 ናኖሜትር ላይ ይነበባል። አርሴኒክ ካለ እሱም እንደ ፎስፌት ይሰማያል።

ውሃው ከአቢጃታ ወይም ከጪቱ ቢሆን የሚለወጥ ነገር አለ?

አለ እንጂ። እነዚህ ሶዳማ ሐይቆች ናቸው፣ ፒኤቻቸው 10 አካባቢ ነው። ቢሾፍቱ ያለው አረንጓዴ ሐይቅም እንደዚያው። እዚያ አሞኒያው በአብዛኛው ጋዝ ሆኖ ነው ያለው። ጠርሙሱን ከፍታችሁ ካወራችሁ ይበናል። የፎስፌት ሪኤጀንት ስትጨምሩ ደግሞ እንደ አምቦ ውሃ ይፈላል፤ ካርቦኔቱ አሲዱን እየበላባችሁ ነው። አሲዱ ካነሰ ቀለሙ ልክ አይመጣም። ቀድማችሁ በጥንቃቄ ፒኤቹን ዝቅ አድርጉ፣ ወይም አቅጥኑት። ስታንዳርዱንም በተመሳሳይ ጨዋማ ውሃ ሥሩ፣ ወይ ናሙናው ላይ የሚታወቅ መጠን ጨምራችሁ ስንቱ ተመልሶ እንደተነበበ እዩ። ከጨመራችሁት 70 በመቶው ብቻ ከተመለሰ የመጀመሪያው ቁጥራችሁም 30 በመቶ ያህል ጎድሏል ማለት ነው።

ከቢሾፍቱ ሳንወጣ፦ ሆራና ባቦጋያ የሚባሉት ሐይቆች ጥልቅ ናቸው። ታችኛው ውሃ ኦክስጅን ስለሌለው አሞኒያ ያጠራቅማል። በብርዱ ወራት፣ ከኅዳር ወዲህ፣ ላይኛው ሲቀዘቅዝ ከታችኛው ጋር ይቀላቀላል፣ ዓሣም ሲሞት ታይቷል። ከላይ ብቻ ቀድታችሁ «ሐይቁ ደህና ነው» አትበሉ። ጣና ግን ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ስለሆነ ነፋስ እስከ ታች ያማስለዋል።

የአኳሪየም ኪት ይበቃኛል?

ለዓሣ ኩሬ፣ አዎ። ጠብታ ጨምሮ ቀለሙን ካርድ ላይ ማየት ነው። ኩሬው ውስጥ አሞኒያ መውጣት መጀመሩን ይነግራችኋል፣ ያ ደግሞ በቂ ነው። ለንጹህ ሐይቅ አይሆንም፤ እዚያ ያለው በጥቂት ማይክሮግራም የሚቆጠር ስለሆነ ኪቱ «ዜሮ» ብሎ ያልፈዋል። ለእንደዚያ ያለው ኦ.ፒ.ኤ. በሚባል ኬሚካል የሚሠራ፣ በጨረር አብርቶ የሚነበብ ዘዴ አለ።

ስንት ሲሆን ነው የሚያሳስበው?

ለሚጠጣ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት ለናይትሬት በሊትር 50 ሚሊግራም፣ ለናይትራይት 3 ሚሊግራም አስቀምጧል። ለአሞኒያ በጤና ምክንያት የተቀመጠ ገደብ የለውም፤ 1.5 ሚሊግራም አካባቢ መሽተት ይጀምራል። ዓሣ ግን ከሰው ይልቅ ስስ ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት መመዘኛ፣ ፒኤች 7 እና 20 ዲግሪ ላይ፣ ውሃ ውስጥ ያሉ ፍጥረታት ለረጅም ጊዜ የሚችሉት ጠቅላላ አሞኒያ በናይትሮጅን 1.9 ሚሊግራም ነው። ፒኤቹ ሲወጣ ገደቡ ይወርዳል።

የጉድጓድ ውሃዬ ናይትሬት አለበት። ባፈላውስ?

ይብሳል። ውሃው ይተናል፣ ናይትሬቱ ይቀራል። ጡጦ የሚጠባ ጨቅላ ካለ በዚያ ውሃ ወተት አይበጥበጥለት። ናይትሬት በናይትራይት በኩል የሕፃኑን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል።

እምቦጭ የሸፈነው ቦታ ለካሁ፣ ናይትሬቱ ዜሮ ሊባል ምንም አልቀረው። ታዲያ ማዳበሪያ አይደለማ ያመጣው?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ግብዣ ካለቀ በኋላ ገብታችሁ ሞሰቡን ባዶ ብታገኙት «እዚህ ቤት እንጀራ አልቀረበም» ትላላችሁ? የምትለኩት የተረፈውን ነው። እምቦጩ በልቶ ጨርሷል፣ ናይትሮጅኑ አሁን ያለው ግንዱና ቅጠሉ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ጣና ላይ የተስፋፋውን ለመረዳት ከፎገራ ሜዳ በርብና በጉማራ የሚገባውን መለካት ያስፈልጋል፣ ያውም በሚፈሰው ውሃ መጠን ተባዝቶ፣ ክረምቱን ጨምሮ። የመጀመሪያዎቹ ዶፎች የሚያመጡት ከበጋው ወራት ሊበልጥ ይችላል። ያን ጊዜ ደግሞ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ናሙና የሚወስድ ሰው ይጠፋል።

ደብተር ላይ ምን ልጻፍ?

ቦታ፣ ፒኤች፣ ሙቀት፣ የተጣራ ወይም ያልተጣራ መሆኑን፣ «እንደ ናይትሮጅን» ወይስ «እንደ ናይትሬት»። ቀኑንም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ። ሰዓቱን ደግሞ አደራ። አንድ የቆየ ደብተሬ ላይ «3:00፣ ፒኤች 8.9» የሚል አለ። በእኛ ሰዓት ጠዋት ሦስት ይሁን፣ ወይ በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ፣ ዛሬ ድረስ አልገባኝም። ያን ናሙና አውጥቼ ጣልኩት።